ጉንጮ

ታርቱ ከተማ፣ ወንዙ በረዶ ሆኖ፣
ከብስክሌት ጠጋኙ ሱቅ በላይ፣ መስኮቱ በእንፋሎት ታፍኖ፣
ማሪካ ፊደል ታደልባለች።
የቀጠነ ሲመስላት ደግማ ትቀልባለች፤
ማእዘን ያየች እንደሆን እንደ ሰም አሽታ ታሟሟለች፣
"ሹል ነገር ለመርፌ ይበቃል" ትላለች።

ድሮ ያስተማራት፣ ቀጫጭን ጣት ያለው ሰው፣
"ፊደል አጥንት ነው" ይል ነበር፤ "ሥጋ ነው የሚያበሰብሰው።"
ያኔ አንገቷን ደፍታ ሰማች።
ዛሬ ግን ለራሷ፣
"አጥንትማ ሲያቅፉት ይወጋል" ትላለች።

ቢ ሁለት ቦርጭ አላት፤ የታችኛው ይበልጣል፣
ኤስ የጠገበ ዘንዶ ነው፣ ተጠቅልሎ ይተኛል፣
ትንሿ አይ ነጥቧን እንደ ፊኛ ይዛለች፣
ኤም ዝሆን አክላ መስመሩን ረግጣ ቆማለች።

ያስቸገረቻት ኦ ናት።
በማስመሪያ ለክታ ከቀሩት ጋር ብታስተካክላት፣
ዓይን አልቀበል አለ፤ አሳንሶ አያት።
ስለዚህ በላይም በታችም፣ የፀጉር ውፍረት ያህል፣
ከመስመሩ አሳለፈቻት። ይኸው ነው የክብ ባህል፦
እኩል ለመምሰል እንኳ ትንሽ መብለጥ አለበት።
ይህን ማንም አልነገራት፤ እጇ ነው የደረሰበት።

ስሙን ጉንጮ አለችው።
በደቃቁ አይሆንም፤ ሲያንስ ሆዱ ይደፈናል፣
ውል ቢጻፍበት፣ ዳኛው ሳቁን ውጦ እንዴት ይፈርዳል?
ጮክ ብሎ መጥራት ነው ሥራው።

እና ጉንጮ ከተማ ወጣ፤
እርጎ ሸጠ፣ የዋና ገንዳ ከፈተ፣
"በግማሽ ዋጋ!" እያለ ካልሲ ሱቅ ሰው ጎተተ፣
የልጆች ጥርስ ሐኪም በር ላይ ተለጠፈ፤
አልቅሶ የመጣ ሁሉ ኦዋን በጣቱ እየዞረ አለፈ።

በመጋቢት ደብዳቤ መጣላት፣ ከደሴት፣
በእጅ የተጻፈ፣ ከአንዲት ሴት።
"ስሜ ሌይዳ ነው፤ ባሌ ኦስቫልድ በኅዳር ነው ያረፈው፤
ዕድሜውን ሁሉ ቱባ ነበር የእሳት አደጋ ባንድ ያስታቀፈው።
ጠራቢው ያለ ንድፍ አልነካም አለኝ ድንጋዩን፤
እኔ የያዝኩት የእርጎ ክዳን ነው፤ ይላኩልኝ ዋናውን።"

ማሪካ እስክሪብቶ አንስታ ሦስት ቀን ቆየች።
"ፊደሌ ለርእስ ነው፣ ለቅናሽ ነው፣ ለሞት አይደለም" ብላ ላከች።
መልሱ አጭር ነበር፦
"ኦስቫልድም ርእስ ነበር።
የግርጌ ማስታወሻ ሆኖ አያውቅም፣ አንድም ቀን።"
ላከችላት ንድፉን።

በግንቦት በጀልባ ተሻገረች።
ኡኩ፣ ድንጋይ ጠራቢው፣ እጁን ኪሱ ከቶ ጠበቃት፣
"ግራናይት መስመር ነው የሚወድ፤ ጉንጭ አያውቅም" ብሎ ወቀሳት።
ከጠባብ፣ ከሹል፣ ከሐዘንተኛ ፊደላት መሃል፣
ኦስቫልድ በተጋደመ ድንጋይ ላይ ተንሰራፍቶ ተኝቷል፤
የሌሊቱ ዝናብ በኦዋ ቀለበት ውሃ አቁሯል።

ዓይኗ ግን ተሰናከለ።
ኦዋ አንሳለች!
ኡኩ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ከመስመር ወጥታ ቢያያት፣
ስህተት መስሎት አረማት፣
በማስመሪያ ልክ፣ ከጓደኞቿ እኩል አስቀመጣት።

ያቺ የፀጉር ውፍረት!
ማሪካ ዝም አለች፤ ድንጋይ በላጲስ አይጠፋም።
ኡኩም የጫማውን ጭቃ ከሣሩ ጋር ይፍቃል።
ሌይዳ ጓንቷን አወለቀች፣ ጎንበስ አለች፣
ውሃውን በጣቷ ዞረች፣ አንዴ፣ ደግሞ ሌላ፣
"ልክ ነው" አለች ቀና ብላ፤
"ከሞተ ወዲህ ትንሽ ከስቷል።"