አምስት ቤት ወዲያ

የፒተንዊም ወደብ ዓሣውን ሸጦ ሲያርፍ፣
በሬን ገፍቶ ገባ ሽማግሌው ሞንክሪፍ፤
አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ጣራ ላይ የኖረ፣
ፀሐይና ጨው ነፋስ አንገቱን ያጠቆረ።
በብብቱ ሥር ክሌግ፣ አጭሩ ጢማም ውሻ፣
ደም ሲሸና ከርሞ እስከ ወር መጨረሻ።

ሽንቱን በብልቃጥ ልኬው ነበር፤
መልሱ መጣ፦ አንዲት መስመር፣
አንድ ቁጥር፣ አምስት መቶ ዘጠና አምስት።
«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ።
«የቤት ቁጥር» አልኩት።

«በክሌግ ገላ ውስጥ ረጅም መንደር አለ፣
ደጃፉ በሙሉ በፊደል የተሳለ።
እዚያ ቤት በር ላይ ‹ይብቃ› የሚል ጽሑፍ፣
ያየው ህዋስ ሁሉ ከመብዛት የሚያርፍ።
አንድ ሌሊት፣ ቅጂው ሲገለበጥ፣
‹ቃ› ወደቀች፤ በቦታዋ ‹ላ› ገባች።
‹ይብላ› አለ በሩ።
በላ።»

ሞንክሪፍ ዝም አለ።
ከካፖርቱ ኪስ ወረቀት አወጣ፣
ከደንዲ ሆስፒታል የመጣ፣
ከትከሻው ስለተቆረጠ ጥቁር ነጥብ፣
ለልጁ እንኳ ሳያሳይ በኪሱ የሰነበተ።
በመዶሻ የተሰነጠቀ ጥፍሩን መስመሩ ላይ አሳርፎ
«የኔ ስድስት መቶ ነው» አለ፤
ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቀ።
«ለካስ ከኔ አምስት ቤት ወዲያ ነው የሚኖረው!»

ከዚያ ድምፁ ወረደ።
«ከኔ ነው የያዘው? እውነቱን ንገሪኝ።
አልጋዬ ላይ ይተኛል፣ ሳህኔን ይልሳል።»

«የለም። ከአንተ ወደ እሱ የተሻገረ የለም፣
ከእሱም ወደ አንተ።
ሁለት ጸሐፊዎች፣ ባሕር የሚለያቸው፣
አንዱን መጽሐፍ ሲቀዱ ሸለብ ቢያደርጋቸው፣
በዚያችው መስመር ላይ፣ በዚያችው ፊደል፣
ሁለቱም እጃቸው አንድ ቦታ ቢንሸራተት፣
እንዲያ ነው የሆናችሁት።
ፀሐይ ይሁን፣ ዕድሜ ይሁን፣ አላውቅም።»

ለስድስት መቶ በር ኪኒን ተሠርቷል፤
ለክሌግ በር ግን ገና ይሞከራል።
ሞንክሪፍ ብልቃጡን ከኪሱ አንኳኳ፦
«ግማሹን ብሰጠውስ?»
ጉበቱን ጠቀስኩለት፣ መጠኑን፣ ሕጉን።
ሰጠው አልሰጠው፣ ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩም።

ማታ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ሳስተያይ፣
ያንዱ ስንኝ ሰው ነው፣ የሌላው ስንኝ ውሻ፤
ቤት ይመታሉ መጨረሻ ላይ።

ክሌግ በመጋቢት ሞተ፣ ጠረጴዛዬ ላይ፣
አፍንጫውን በሽማግሌው መዳፍ ውስጥ ቀብሮ።
ዕጢውን ለምርምር እንዲሰጥ ቅጹን አቀረብኩለት።
መነጽሩን ፈለገ። ቆይቶ አነበበ።
እታች፣ ለፊርማው በተተወው ቦታ፣
«ባለቤት» የሚለውን ሰረዘና
በጣራ ሠሪ ድፍን ፊደል፣ በእርሳስ፣
«ጎረቤት» ብሎ ጻፈ።