የሐረጎ የቤት ሥራ

ቀን የሰበሰብኩት ሂሳቡ ተቆጥሮ፣
አንዲት ብር ቀረችኝ ለማታው ቀጠሮ።
መምህር ይመር አሉኝ፦ «ሃያ ጊዜ ጣላት፣
አንበሳና ሚዛን ሰንጠረዥ ሙላላት።»

ጣልኳት። አንበሳ ነው። አንበሳ። አንበሳ።
ሚዛን ሆዬ ጠፋች፣ እኔም እጄ ሳሳ።
ሃያው ሲጠቀለል ስድስት ለዐሥራ አራት፤
ግማሽ የምትባል ወዴት ብዬ ልጥራት?

«ትንሽ ቁጥር ውሸታም፣ ብዙ ነው ምስክር፤
መቶ ጊዜ ጣልና እንደገና ሞክር።»

ጠዋት ከቧንቧ ውሃ «ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረው!» እላለሁ፤
አራት ይቀራል።
ሐረጎን ስንወርድ በሩን ይዤ ጉም እቆጥራለሁ፤
ከሠላሳ ቀን ዐሥራ ዘጠኙ ጉም፣
በሲጋራ ካርቶን ላይ ተጽፏል።

ሹፌሬን ሙሄን ጠየቅኩት፦ «ስንት ዓመት ነዳህ እዚህ መንገድ ላይ?»
«ዐሥራ ሰባት።»
«ስንቴ ገደል ገባህ?»
ዞሮ አየኝ። «ታመሃል እንዴ? አንዴም!»

ዜሮ ለዐሥራ ሰባት ሲካፈል፣ ዜሮ።
ጻፍኩት፤ ክብ፣ እንደ መሪው።

ከዚያ ኩርባዋ መጣች፤
ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ።
ሙሄ ማርሽ ቀነሰ፣ ጥሩምባ ነፋ፣
ከንፈሩ «ያ ረቢ» አለ፣
ያን ሁሉ ዜሮ ይዞ።

ዜሮዬን በምራቄ ደለዝኳት።
በቦታዋ ምን እንደሚገባ
ማታ መምህር ይመርን እጠይቃለሁ።

ሳንቲሟ ኪሴ ውስጥ ናት።
ገና ሰማንያ ይቀራታል።