ከዜሮ በታች

ነዳጅ ቀጂ ነኝ እኔ፤ የጄኔሬተር ዘብ፣
ዛሪያ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ቤተ ሙከራው ቅርብ፣
ካንድ ረጅም ዛፍ ሥር ወንበሬን የምስብ።
መብራት ሲጠፋ ሌሊት (መጥፋቱስ መቼ ቀርቶ!)
ገመዱን እጎትታለሁ፤
ያጓራል ሞተሩ ጢሱን ተፍቶ ተፍቶ፤
ፎቅ ላይ አንድ መስኮት እንደ እንቁላል አስኳል በርቶ
የላንታናን ጥላ አያለሁ።

እኔም ገበሬ ነበርኩ፤ ካዳዋ፣ ከቦዩ ዳር፣
አርባ መደብ ቲማቲም ሲቀላ እንደ ፍም፣ እንደ ጀምበር።
አንዲት ግራጫ ብናኝ፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ፣
ባንድ ምሽት ገባች ከማሳው፤
ልጇ በቅጠሉ ሆድ፣ በቆዳና ቆዳ መሃል
ዋሻ እየማሰ ጨረሰው።
የእሳት እራት ይሏታል፤ ስም አውጪውን ምን ነካው?
እራቱ እኮ እሳቴ ነበር፤ በላተኛይቱ እሷ!
ሦስት ጠርሙስ መርዝ ወሰድኩ፣ በዱቤ፣ ከገበያ፤
ረጨሁ፤ ንቡ ረገፈ፣ የኔም ዓይን አበጠ፤
ትሉ ግን ለምዶት ኖሯል፣ እንደ ወተት መጠጠ።

አንድ ቀን ላንታና ለሻይ ወርዳ ነገረችኝ፦
«ኢሮ፣ በትሉ ገላ ውስጥ አንዲት በር አለች ስስ፣
ቆዳህን ጣል፣ እደግ የምትል፣ ጊዜው ሲደርስ።
ያችን በር በኮምፒውተር ሥዬ፣
ከሥር፣ ከቅጠል፣ ካጥር ቁልፎች ለቅሜ፣
አንድ ባንድ እሞክራለሁ፤ እያገላበጥኩ፣ እየጠመዘዝኩ።»
«ስንት ቁልፍ?»
«አራት መቶ ሃምሳ።»
«ከገባስ?»
«ከገባማ በሯ ትደፈናለች፤
ትሉ በልጅነት ጃኬቱ ታንቆ ይቀራል።»
ሳቅ አልመጣልኝም። ያን ዓመት ልጄ
በጠበበ ጫማ ነው የተማረው።

ቁጥሩን አሳየችኝ፤ ሁሉም ከዜሮ በታች!
ደነገጥኩ። እኔ ዜሮን የማውቀው ከዱቤ መዝገብ ነው፤
ከሱ የወረደ ሰው ፓምፑን ሸጦ ነው የሚወጣው።
እሷ ግን ቁጥር በወረደ ቁጥር
ፊቷ ይፈካል፣ ጣቷ ይፈጥናል፤
«ሲቀንስ ነው» ትላለች «አጥብቆ የሚጣበቀው።»
እንዲህ ከሆነማ እኔስ
እስካሁን በጣም ተጣብቄያለሁ።

አጥር ላይ የሚበቅለው፣ የሷን ስም የተሸከመው
የወፍ ቆሎ ተሞክሮ ስድስት ላይ ነው የቆመው።
«ስሜ አላዋጣኝም» ብላ ሳቀች።
ዘጠኝ ነጥብ አራት ሲወርድ ግን ዘላ ተነሣች።
«ማነው?» አልኳት።
በመስኮት ወደ ታች ጠቆመች፤ ወንበሬን ወዳስደገፍኩበት፣
ዶጎን ያሮ ወደምንለው፣ ረጅሙ ልጅ፣ ወደ ኒሙ።
ስሙን እንጂ ሙያውን ሳላውቅ
ስንት ሌሊት ጢስ አጠጣሁት!

በአራት መቶ አሥራ ሁለተኛው ቁልፍ ነዳጁ አለቀ፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሰፈሩ በጨለማ ጠለቀ።
የባትሪው ሳጥን ጢጥ ጢጥ ይላል፤ ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል።
«ኢሮ! ሦስት ቀን የለፋሁበት!»
የጎማ ቱቦ አፌ ውስጥ ከተትኩ፣
የሞተር ሳይክሌን ደም መጠጥኩ፤
ብዙውን ለጄኔሬተር፣ ጥቂቱን ለሆዴ ሰጠሁት።

አሁን ከጓሮው አሥራ ሁለት ቆርቆሮ ተደርድሯል፤
ቲማቲሙን የተከልኩት እኔ ነኝ። እጄ አልረሳም።
የኒሙን ፍሬ ወቅጠን፣ አጥልለን፣ ረጨን፤
ትሉ ሦስት ቀን ጾመ።
በአራተኛው ነቃ። ቅጠሉን ወንፊት አደረገው።
ላንታና ዝም ብላ ቆመች፤ ሰማዩ ጠራራ ነው።
«ፀሐይዋስ» አልኳት «ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበረች?»
ቆይታ፣ «አልነበረችም» አለች።
ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ከአሥራ ሁለቱ አንዱ፣ ከዛፉ ጥላ የወደቀው፣
አንዲት አረንጓዴ ፍሬ እንደያዘ ነው።
ከማንም ሳልማከር ወደ ወንበሬ አስጠጋሁት።
ፀሐይ የማይሰብረው ቁልፍ ልትፈልግ
ላንታና ወደ ፎቅ ወጥታለች፤
ሁለት ወር ይፈጃል ትላለች።

መብራት ጠፋ።
ገመዱን ሳብኩት።