መጥቀስ

አራት መቶ ሰባት ሊቅ ጠቅሷታል አሉ፣ ዶክተር ሙዛን፤
የአልኾር ባሕር እየኮመጠጠ
ዛጎል እንደሚያሳሳ በቁጥር ስላሳየችን።

እኔ ግን ሌላ መጥቀስ ነው የማውቀው።
ሌሊት አሥር ሰዓት፣ ከጀልባው ጫፍ ተደፍቼ
ጠርሙሱን ሞገዱ ላይ ጠቀስ አድርጌ፣
ሦስቴ አለቅልቄ፣ አንዲት አረፋ ሳላስቀር እከድናለሁ፤
ቀኑን በእርሳስ እጽፋለሁ፣ ቀለም ለጨው አይጸናም።

አሥራ አንድ ዓመት።
አንዴ የተበላሸ ናሙና ደብቄ፣ ሳልተኛ አድሬ ነገርኳት።
ሉል ፍለጋ ሲጠልቁ የኖሩት አያቷ
«ባሕር አይዋሽም፣ ቀጂው እንጂ» ይሉ ነበር አለችኝ፤
ደፋችውና ጀልባ አስነሳች።

ጽሑፏ ግርጌ፣ ምስጋናው ላይ፣ ስሜ አንድ ፊደል ጎድሎታል።
ይታረም አላልኩም።
ሠንጠረዥ ሦስት፣ ከነጥቡ ኋላ ያለችው ሁለት
የኔ እጅ ናት።

ዛሬ ማለዳ ፀሐይ ውሃው ላይ ስታርፍ
ባሕሩ ጠቀሰኝ።