የአቶ ደበላ ምርቃት

ቱሉ ዲምቱ ዳር፣ ከብሎኬት ማምረቻው ጎን ካለች ሱቄ
ወርቂቱ ካሴቷን በፌስታል ጠቅልላ አመጣች፤
«ሠርጌ ነው፤ ሻጋታ ሳይጨርሰው
በፍላሽ አድርግልኝ» ብላ፣ ቀብድ ከፍላ ወጣች።

የዴኩን ራስ በአልኮል ጠራረግኩ፣ ገመዱን ሰካሁ፤
ሲጀምር ደህና ነበር፣ ከንፈርና ቃል እኩል ሄዱ።
ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ግን
እልልታው አፎች ከተዘጉ በኋላ ይመጣል፣
ሙሽራው ሳቁን ሲጨርስ
ሌላ ሰው የሚስቅለት ይመስላል።

መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ምስሉ ይዘላል፤
ድምፁ አይዘልም፣ በራሱ እግር ያዘግማል።
እንደ ልብስ ሰፊ ተረተርኩት፤
መዳፍ ከመዳፍ ሲገጥም «ጧ» የሚለውን እየፈለግኩ
ከጭብጨባው ላይ ቆረጥኩ፣ ከጭብጨባው ላይ ሰፋሁ።
እኩለ ሌሊት ላይ እልልታው ወደየአፉ ገባ።

አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

የሙሽሪት አባት፣ ጋቢ ለብሰው፣ ቆመው ይመርቃሉ፤
አፋቸው ይከፈታል፣ አገጫቸው ይንቀጠቀጣል፣
ድምፅ የለም።
ቆይቶ፣ ቆይቶ፣
«ውለዱ፣ ክበዱ» ይመጣል።

ድምፁን ሳብኩላቸው፤
ከኋላቸው የሚያጨበጭበው ልጅ እጁ ከድምፁ ተለየ።
መለስኩት። ሳብኩት። መለስኩት፣
የብሎኬቱ ማሽን ለጠዋት ሥራ እስኪነሣ።

«ሁሉም ተስተካክሏል» አልኳት ስትመጣ፣
«አባትሽ ብቻ እምቢ አሉኝ።»
አየችው። ማውሱን ከእጄ ወስዳ ደገመችው፣
አሁንም ደገመችው።
«አትንካው» አለች። «አባዬን ምላሱ ይይዘው ነበር፤
አፉ ቀድሞ፣ ቃሉ ኋላ።
እኛም ዝም ብለን እንጠብቀው ነበር።»

ለስህተቱ ሃምሳ ብር ልቀንስላት አስቤ ነበር፤
ተውኩት።