የታጠበች ፒካፕ

ፍራንኮ ላይ፣ ከጎሚስታው አጠገብ፣ ከኒም ዛፏ ሥር፣
ሃያ ዓመት ሆነኝ ደላላ ከሆንኩ፣ የሰው መኪና ስቆጥር።
የሰው እጅ አይቼ ገንዘቡን አውቃለሁ፣
የሰው ዓይን አይቼ ውሸቱን አውቃለሁ፤
የራሴን ግን… ተዉት፤ እሱን እዘላለሁ።

ገመቹ ከወንጂ አመጣት ፒካፑን፣ ማክሰኞ በጠዋት፤
ነጭ ነበረች አሉ፣ ያኔ በልጅነት።
አሁን የአገዳ አፈር፣ አሁን የሽንኩርት ልጣጭ፣
የኋላ መዝጊያዋ በሽቦ የታሰረ፣ አንድ መብራቷ አፍጣጭ።
«ሽጥልኝ» አለኝ፤ «ልጄ ሊያገባ ነው፤ ደግሞም ደክሞኛል።»
«እንዲህ ሆና?» አልኩት። «ማን ዞር ብሎ ያያታል?»

አጠብኳት።
በሳሙና፣ በቤንዚን፣ በጥርስ ብሩሽ ሳይቀር፤
ሞተሯን አበራሁት እንደ ሙሽራ ጥፍር።
ጎማዋን አጠቆርኩ፤ ሰም ቀባኋት ከላይ እስከ ታች
(ቅኔ አይደለም፤ የመኪና ሰም ነው፤ ጣሳዋ ከመርካቶ የመጣች)።
ከካሶኒዋ ወለል ላይ ምንጣፍ ዘረጋሁ፤
ምንጣፍ! ሽንኩርት ላሳደገች! አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

የመጣ ሁሉ ዞራት፤ ጎማዋን በጫማው ነካ፤
ኮፈኗን ከፍቶ ዘጋ፤ ስልኩን አወጣ ሲያበቃ።
«ምን ደብቀህ ነው እንዲህ ያጠብካት?» አለኝ አንድ የሞጆ ቆዳ ነጋዴ፤
«ላብ የሌለው ሞተር በሽተኛ ነው፤ አውቀዋለሁ ይሄን ዘዴ።»
«ይሄን ሁሉ ዓመት ሠርታ ጭረት የላት? ወይ ተገልብጣለች፣
ወይ ተሰርቃለች» አለ አብሮት ያለው ሾፌር፣ «ወይ ውሃ ገብታለች።»

ከጎኗ የቆመች አዲሷ አለች፤ ወንበሯ ገና በላስቲክ፣
ስክሪን አላት፣ ካሜራ አላት፤ ስትነሳ አትልም ቲክ።
ልጆች በቅዳሜ ፎቶ ይነሱባታል፤ ዋጋ የሚጠይቅ ግን የለም፤
ካሶኒዋን በክንዱ የለካ፣ «ይሄማ የቁም ሳጥን መሳቢያ ነው» ብሎ ስቆ፣ ዳግም አልቆመም።

ሦስት ሳምንት።
የአዳማ ነፋስ አቧራ ያመጣል፤ እኔ እጠርጋለሁ፤
ነፋሱ ይመለሳል፤ እኔም ጨርቄን ይዤ እመለሳለሁ።
ከኮረብታው ጫፍ ነጫጮቹ የነፋስ ተርባይኖች ይዞራሉ፤
እንደ ገዢዎቼ ናቸው፤ ዞረው፣ ዞረው፣ እዚያው ይቀራሉ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ማለዳ ብደርስ፣ ቦታው ባዶ ነው።
«ገመቹ ወሰዳት» አለ ጎሚስታው ሸምሱ፤ «ቲማቲሙ ሊበሰብስ ነው፣
የሚጭንለት አጥቶ ነው።»
ተናደድኩ። ጭቃ! በኔ ሰም ላይ!

አመሻሽ ላይ መጣች፤
አፈር እስከ መስኮቷ፣ የቲማቲም ፍሬ ከጎኗ ደርቆ፣
መዝጊያዋ እንደ ቀድሞው በሽቦ ታንቆ።
ከኋላዋ ባጃጅ፤ ከባጃጁ ዘይቱና ወረደች፣
የመቂ ሽንኩርት አከፋፋይዋ፤
እኔን አልፋኝ ሄዳ ካሶኒውን በመዳፏ ደበደበች።

«ከወንጂ ጀምሬ ስከተላት ነበር» አለች።
«ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ወጣች፣ አርባ ሣጥን ጭና፤
ያለከለከው ባጃጁ ነው፤ እሷስ ደህና።»
ከዚያ ወደ ገመቹ ዞራ፣ «ጉድለቷስ?» አለችው። እኔ ሳልኩ፤
ዓይኔን ጠቀስኩት፤ እግሩን ረገጥኩ።
እሱ ግን፦ «ጠዋት ጠዋት ሁለተኛዋ እንቢ ትላለች፤
የግራ በሯ ከውስጥ አይከፈትም፤ በክረምት በጣሪያዋ ታፈሳለች።»

ኮሚሽኔን በልቤ ቀበርኩ፤ አፈር አለበስኩ።
ዘይቱና ሳቀች። «እንግዲህ ሕመሟን ከነገርከኝ፣
ጤናዋንም አምናለሁ» አለች፤ ብሩን መቁጠር ጀመረች።
«ምንጣፉስ?» አልኳት።
«ለቤትህ።»

ሁለት በመቶዬን ተቀበልኩ፤ አላፈርኩም፣ ሥራ ነው።
አዲሷ ግን እዚያው ናት፤ ላስቲኳም እንዳለ ነው።
ትናንት ማታ፣ ሸምሱ ሲዘጋ፣ አንድ ጆንያ ይዤ ሄድኩ፣
የሽንኩርት ልጣጭ ካሶኒዋ ላይ በተንኩ፣
ጎማዋን በጭቃ ለቀለቅኩ፣
እንደ ሠራች እንድትመስል።

ጠዋት ብመጣ፣ ነፋሱ ሌሊቱን ሲጠርግ አድሮ፣
ልጣጩ አንድም የለም።