ላሟ ቀድማ አወቀች

ከሁላችን ቀድማ ላሟ ናት ያወቀች፤
የቱፋን ማሳ ዳር ስትልስ ዘለቀች።
ሽንኩርቱ መካከል ነጭ ነገር ወጥቶ
ዱቄት ይመስል ነበር ከስልቻ ተደፍቶ።

«ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» እያልን ኖረን፣
ሰምቶን ነው መሰለኝ፤ ጣፍጦ አስመረረን።

ጥፋቱስ የእኛ ነው። የአፈር ቦያችን
ምሥጢር እንደማይቋጥር ሆድ ያፈሳል፤
ውሃው ሾልኮ ወርዶ
ከሥር የተኛውን ጨው ይቀሰቅሳል፣
ይዞትም ይመለሳል
ወደ አዋሽ።
አዋሽ ደግሞ የሚደፋበት ባሕር የለውም፤
የሰጠነውን ሁሉ ተሸክሞ
ለታችኛው ሰው ያደርሳል።

ያን በጋ ከአዳማ ሲሚንቶ ተጭኖ መጣ።
ኦብሴ አሸዋ ነፋች፣ ጂሎ ስንጥቁን ደፈነ፣
እኔ የውሃ በር ጠባቂው
ሌሊት ጆሮዬን ቦዩ ላይ ለጠፍኩ፤
ያ የድሮው ሲርሲርታ የለም።

ቄጠማው ደረቀ።
ልጆቻችን የሚንቦጫረቁበት ኩሬ አብሮ ጠፋ፤
እንቁራሪቶቹ ሳይሰናበቱን ሄዱ። ይህን አልደብቅም።

በሦስተኛው ዓመት
ላሟ ያንኑ ማሳ አሸተተች፣
አንዴ ላሰች፣
ቀና ብላ ቱፋን አየችው፣
ቅር እንዳላት ወደ በረቷ ሄደች።